ቶማ በአየር ላይ የሰጠው ቃል

ወላይታ ሶዶ ውስጥ መምህር ቶማን የማያውቅ ሰው ቢኖር ትናንት ከአውቶቡስ የወረደ እንግዳ ብቻ ነው። ጂኦግራፊ ያስተምራል፤ የሚታወቀው ግን በጂኦግራፊው አይደለም። አንድ ነገር እስኪወስን ድረስ በሚፈጅበት ጊዜ ነው። ጫማ ሊገዛ ገበያ ከወረደ ሻጩ ምሳውን በልቶ ሲመለስ ቶማን ያንኑ ቡናማ ጫማ ሲያገላብጥ ያገኘዋል። ፍሪጅ ልግዛ አልግዛ እያለ ሁለት ዓመት ሲያስብ ከርሞ ልቡ የወደደው ዓይነት ከገበያ ጠፋ። ፀጉር ቆራጩ እንኳ «እንዴት ላድርግልህ?» ብሎ ቅዳሜ ጠይቆ መልሱን ማክሰኞ ይጠብቃል። ለሁሉም ነገር መልሱ «እናየዋለን» ስለሆነ ከተማው ቅጽል ስም ፍለጋ አልደከመም፤ መምህር እናየዋለን ተብሎ ቀረ።

ክፉ ሰው እንዳይመስላችሁ። ከዳሞታ ተራራ ግርጌ እስከ አውቶቡስ መናኸሪያው ድረስ ቢጠየቅ በቶማ የተቀየመ አንድ ሰው አይገኝም። ለመቀየምም ሆነ ለማስቀየም መወሰን ያስፈልጋላ!

ትዳርን በተመለከተማ ተዉት። ወላጆቻቸው ከሞቱ በኋላ ያሳደገችው ታላቅ እህቱ ዓመለወርቅ ናት፤ ደጃፏ ላይ ባልዲና ጆግ የምትሸጥ፣ ምላሷ እንደ ምላጭ የሆነ ሴት። ያላመጣችለት ልጅ የለም። አንዷን እያሰበባት ሳለ ሌላ ሰው አገባት። ሁለተኛዋን እያሰበባት ሳለ መንታ ወለደች። ሦስተኛዋ ራሷ መጥታ «ጋሼ፣ አስበው ጨረሱ?» ብላ ብትጠይቀው «እናየዋለን» አላት። ዕድሜው አርባን ሲጠጋ ዓመለወርቅ ተስፋ ቆርጣ ባልዲዎቿን ወደ መደርደሩ ተመለሰች።

እንግዲህ ይህ ሰው ነው ባለፈው ዓመት አዲስ አበባ ለስልጠና ሄዶ በአውሮፕላን የተመለሰው። ቲኬቱን የቆረጡለት አሰልጣኞቹ ናቸው፤ እሱ ቢሆን በአውቶቡስ ልሂድ ወይስ በአውሮፕላን እያለ እስካሁን አዲስ አበባ በተቀመጠ ነበር። አውሮፕላኑ የሚያርፈው ደቡብ ውስጥ ካሉት አየር ማረፊያዎች በአንዱ ነው። የትኛው እንደሆነ አልናገርም። እዚያ የሚሠሩ ዘመዶች አሉኝ፤ ከዘመድ ጋር ደግሞ መጣላት አልፈልግም።

ቶማ መስኮት ስር ተቀመጠ። ከጎኑ፣ በመተላለፊያው በኩል፣ ጥቁር መነጽር ግንባሯ ላይ የሰካች አንዲት ሴት ተቀመጠች። ሐመልማል ትባላለች። ቀልጠፍ ያለች፣ ሳቋ ከአፏ ቀድሞ በዓይኗ የሚታይ ሴት ናት። አዲስ አበባ ያለው ወንድሟ አሳፍሯት ነው እንጂ አውሮፕላን ስትሳፈር የመጀመሪያዋ ነበር። ቶማ ቦታ ልቀይርሽ ቢላት፣ «ይቅርብኝ፤ መሬትን ከላይ ማየት አልወድም፤ ስወርድ አያታለሁ» አለችው።

መንገዱን ሙሉ በአማርኛ ሲጫወቱ መጡ። እሱ መነጽሯን አይቶ የአዲስ አበባ ልጅ ናት ብሏል፤ እሷ ክራቫቱን አይታ የሚኒስቴር ሰው ነው ብላለች። ሁለቱም ሰውየው ይታዘበኛል፣ ሴትየዋ ትታዘበኛለች እያሉ አማርኛቸውን አሳምረው፣ «እርስዎ» እየተባባሉ ስለ አዲስ አበባ ብርድ፣ ስለ መንገዱ ቁፋሮ፣ ስለ ሳንድዊቹ ማነስ አወሩ። ቶማ ስለ ሳንድዊቹ የተናገረው አንድ ቀልድ እሷን እስከ እንባ አሳቃት። በሕይወቱ ሰው አስቆ አያውቅም፤ ምን እንዳለ እንኳ ወዲያው ረሳው፤ ጆሮው ግን ጋለ።

ከዚያ አውሮፕላኑ ዝቅ ማለት ሲጀምር ቀበቶው የሐመልማልን ጣት ቆነጠጣትና በወላይትኛ ተራገመች። ቶማ ዘወር አለ።

«ወላይታ ነሽ እንዴ?»

«አንተም?»

በቃ፣ እርስዎ መባባሉ እዚያው ቀረ። እሷ የበዴሳ ልጅ ናት፤ በቆሎና ቦሎቄ ትነግዳለች። እሱ ከሶዶ ነው። ያን ሁሉ መንገድ በተውሶ ቋንቋ ሲግደረደሩ መምጣታቸው እንዲህ አሳቃቸው፤ ከኋላቸው የተቀመጡት አቶ በድሉ ጋዜጣቸውን ዝቅ አድርገው አዩአቸው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። ወላይታ ከወላይታ ጋር ሲገናኝ መጀመሪያ ከየት ነህ ይባባላል፤ ቀጥሎ ከየትኛው ቆሞ ነህ ይባባላል። ቆሞ ማለት ጎሳ ነው። የአንድ ቆሞ ልጆች፣ አንዱ ከሶዶ አንዱ ከሃላሌ ይምጣ፣ ተያይተው ባይተዋወቁም፣ እህትና ወንድም ናቸው። አይጋቡም። ስለዚህ ጥያቄው ከሰላምታ አይርቅም፤ ሰው ልቡ ሳይሄድ በፊት ነው የሚጠየቀው። ቶማና ሐመልማል ግን በአማርኛ ሲሸነጋገሉ መጥተው ልባቸው ቀድሞ ሄዷል፤ ጥያቄውም ገና በቶማ ጉሮሮ ላይ ነበር።

በዚህ መሃል ሐመልማል ለመውረድ ልዘጋጅ ብላ ጎንበስ አለችና ያወለቀችውን ጫማ ከወንበሩ ሥር ትፈልግ ጀመር። ቶማ በመስኮት ወደ ታች አየ። ማሳው፣ የቆርቆሮው ቤት፣ ማረፊያው አስፋልት ሁሉ ቀርቦ ይታያል። ወዲያው ከደመናው ጥግ አንዲት ትንሽ ነጭ አውሮፕላን ብቅ አለች።

ስትመጣ አላያትም፤ እዚያው የነበረች ነው የመሰለው። ቀጥታ ወደ እነሱ ትመጣለች። አብራሪዋን አየው፤ አፉ ተከፍቷል። ከኋላ የተቀመጠውንም ሰው አየው፤ ሰውየው ሙዝ እየላጠ ነበር። በዚያች ቅጽበት ትልቁ አውሮፕላን አፍንጫውን ወደ ሰማይ ቀስሮ ተወረወረ። የሰው ሁሉ ሆድ ወለሉ ላይ ቀረ፤ ቦርሳ ወደቀ፤ ጩኸቱ ጣሪያውን ሊነቅለው ደረሰ። ትንሿ አውሮፕላን በክንፉ ሥር ሹልክ ብላ፣ ጭራዋን አሳይታ፣ በማሳው ላይ እየራቀች ሄደች። ቶማ በዓይኑ ሸኛት። ከዚያ ፊቱን አዞረና፣ አርባ ዓመት ሙሉ ይዞት እንደኖረ ሁሉ፣ በትልቅ ድምፅ፣

«ታኒ ኔና ኤካና!» ብሎ ጮኸ። አገባሻለሁ ማለት ነው።

ሐመልማል በአንድ እጇ ጫማዋን ይዛ ቀና አለች። አየችው።

«እሺ» አለችው። «መጀመሪያ እንውረድ።»

ዋናው አብራሪ በድምፅ ማጉያው መጣ። «ክቡራን መንገደኞቻችን፣ በአቅራቢያችን ሌላ በረራ ስለነበረ አንድ ጊዜ ዞረን እናርፋለን» አለ፤ ሻይ ሊያዝዝ የመጣ ሰው ይመስል ድምፁ የረጋ ነበር። ጥፋቱ የማን እንደሆነ፣ ማን ቀድሞ ታጠፈ፣ ማን ምን ሰማ፣ የሚያጣራ አካል አለ፤ እሱ ያጣራ። ወንበሮቹ ላይ ግን ስለቱ ይዘንብ ነበር። አቶ በድሉ ለቅዱስ ገብርኤል ጃንጥላ ተሳሉ። ከፊት የተቀመጠ አንድ ወፍራም ሰው ከነገ ጀምሮ ጫት አልቅምም አለ። አንዲት እናት ከአማቷ ጋር እንደምትታረቅ ምላ፣ ጎማው መሬት ሲነካ ነገሩን ቀስ አድርጋ ወደ ፋሲካ አዛወረችው።

ከወረዱ በኋላ የሆነውን ማየት ነበር! ከሞት አፍ የወጣ ሰው ሰካራም ነው። የማይተዋወቅ ሰው ይተቃቀፋል፤ ሻንጣ ያነሳል ይጥላል፤ ወፍራሙ ሰውዬ አስፋልቱ ላይ ተንበርክኮ ሳመና ጉልበቱ እምቢ ብሎት አራት ሰው አነሳው። ቶማ ራሱ ጃኬቱን ገልብጦ ለብሶ ይስቃል። ወደ ሶዶ የሚሄዱት ሁሉ አንዲት ሚኒባስ ውስጥ ታጨቁና አቶ በድሉ ከጋቢናው ዘወር ብለው ንግግር ጀመሩ። አቶ በድሉ ጡረታ የወጡ የማዘጋጃ ቤት ሹም ናቸው፤ ከሰሜን መጥተው ሶዶ ሠላሳ ዓመት ኖረዋል፤ ወላይትኛው ጥርት አድርጎ ይገባቸዋል፤ ንግግር ደግሞ ይወዳሉ።

«በዚህች ቀን ሞትን አየን፤ ሠርግንም ሰማን! ቃሉ በሰማይ ላይ ተሰጥቷል፤ እኔም በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ ሽማግሌነቱን ለማንም አልሰጥም!»

ሚኒባሷ በእልልታ ተናጋች። ሾፌሩ ምኑም ያልገባው ሰው ነው፤ ግን ክላክሱን እየነፋ ነዳ። አቶ በድሉ ትንሿ አውሮፕላን በስንት ክንድ ርቀት እንዳለፈች፣ አብራሪው እንዴት እንደፈጠጠ፣ በሁለት መዳፋቸው እያሳዩ ደጋግመው ተረኩ። በሦስተኛው ትረካ ላይ ቶማ ሐመልማልን ቢያያት ፈገግታዋ ጠፍቷል። መነጽሯን ዓይኗ ላይ አውርዳ በመስኮት ታያለች። መሬትን ከላይ ማየት የማትወድ ሴት አሁን መሬቱን ትክ ብላ ታየዋለች።

«ምነው?» አላት።

«ምንም። ደከመኝ» አለችው። የበዴሳው ሚኒባስ ጋ ስትወርድ ስልክ ቁጥሯን ሰጠችውና ሄደች።

ቶማ ባጃጁ ቤት ሳያደርሰው ወሬው ደርሷል። ዓመለወርቅ ባልዲዎቿን ጥላ መንገድ ላይ ጠበቀችው። ጎረቤቱ ሁሉ ወጥቷል። አንገቱን ይዛ ሳመችው፤ አለቀሰች፤ አንድ ሰማያዊ ጆግ እንደ ከበሮ እየመታች ጨፈረች። ቶማም ጨፈረ። ሶዶ ቶማን ሲጨፍር ያየችው የዚያን ቀን ነው፤ እግሩን ሲያነሳ የትኛውን ላውርድ ብሎ ያሰበ ቢመስልም ጨፈረ።

ከዚያ ዓመለወርቅ ትንፋሿን ሰብስባ ጠየቀችው።

«ቆሞዋስ ምንድን ነው?»

ቶማ እግሩን እንዳነሳ ቀረ።

«እትዬ…»

«አልጠየቅህም?»

«ልጠይቃት ስል እኮ ነው አውሮፕላኗ የመጣችው።»

ዓመለወርቅ ጆጉን መሬት ላይ አስቀመጠችና አንድ ባልዲ ገልብጣ ተቀመጠችበት። «እሺ እህትህ ብትሆንስ?» አለች። «በአገር ፊት አገባሻለሁ ብለህ፣ ሚኒባስ ሙሉ ሰው እልል ብሎ፣ ኋላ እህትህ ብትሆንስ ፊትህን የት ታስገባለህ?»

እውነቱን ለመናገር ቶማ ስለ ፊቱ አልተጨነቀም። የተጨነቀው ስለ ሳቋ ነው። እህቱ ከሆነች ያ ሳቅ ለሌላ ሰው ሊሳቅ ነው፤ ይህን ሲያስብ በሰማይ ላይ ያልፈራው ሰው ደጃፉ ላይ ፈራ።

አንድ ስልክ ደውሎ መጠየቅ ምን ይከብዳል ትሉ ይሆናል። ቶማን አታውቁትም። መልሱ ክፉ ከሆነ ደግሞ ባይሰማው ይሻለዋል። በየማታው ይደውላል፤ ታነሳለች።

«እንዴት ዋልሽ?»

«ደህና። አንተስ?»

«ደህና። ቦሎቄው እንዴት ነው?»

«ደህና ነው።»

«በቆሎውስ?»

«እሱም ደህና ነው።»

ከዚያ ሁለቱም ይተነፍሳሉ። ድምፅዋ በአውሮፕላኑ ላይ የነበረው ድምፅ አይደለም፤ የሚጠብቅ ሰው ድምፅ ነው። ቶማ ይህን ሲሰማ «አወቀች፤ አባቷን ጠይቃ አውቃለች፤ እህቴ ናት» ብሎ ይደመድማል። ስልኩን ይዘጋል። ዓመለወርቅ ከጓዳ ሆና «ዛሬስ የእህል ዋጋ ብቻ ነው?» ትለዋለች።

አቶ በድሉ ግን ሰው ጠብቀው አያውቁም። ከአውሮፕላኑ ላይ ሁለት ሰዎች፣ ጫት እተዋለሁ ያለውን ወፍራሙን ሰውዬ ጨምረው፣ ሽማግሌ አደረጉና እሑድን ቆረጡ። ደንቡ ሽማግሌ ይሄዳል፣ ልጁ ቤቱ ይጠብቃል ነው። ሐመልማል ግን በስልክ «እሱም ይምጣ፤ የተናገረው እሱ ነው» አለች። እሱ ከሄደ እኔም እሄዳለሁ አለች ዓመለወርቅ። ሴት በሽማግሌ መሃል አይሆንም ቢሏት፣ «በሽማግሌ መሃል ማን ሄደ? በሚኒባስ ነው የምሄደው» ብላ ቀድማቸው ተሳፈረች።

በዴሳ ያለው የአቶ ወልደመስቀል ቤት በእንሰትና በቡና የተከበበ ሰፊ ግቢ ነው። አቶ ወልደመስቀል የሐመልማል አባት ናቸው፤ ረጅም፣ ንግግራቸው የቀዘቀዘ ሽማግሌ። ቦይና የሚሉት ጎደሬ ተቀቅሎ፣ ማባያው የበርበሬ ዳታ ተፈጭቶ ቀርቧል፤ ማንም ግን እጁን አልዘረጋም። አቶ በድሉ ጉሮሯቸውን ጠርገው ስለ ሰማይ፣ ስለ ደመና፣ ስለ እግዚአብሔር ሥራ ረጅም ንግግር አደረጉ። ሽማግሌው እስከ መጨረሻው አዳመጧቸውና ወደ ቶማ ዞሩ።

«አባትህ ማን ነው?»

ቶማ ተናገረ።

«የአባትህ አባትስ?»

ተናገረ። አያቱን፣ ቅድመ አያቱን ጠራ፤ እስከሚያውቀው ድረስ ወደ ኋላ ሄደ። በመጨረሻ የቆሞውን ስም ጠራ። አቶ ወልደመስቀል ዓይናቸውን ጨፈኑ። ጨፍነው ቆዩ። ከቶማ የሚብስ ዝግተኛ በዓለም ላይ እንዳለ ዓመለወርቅ ያን ቀን ነው ያወቀችው። ወፍራሙ ሰውዬ ላቡን ጠረገ።

«ሰምቼዋለሁ» አሉ ሽማግሌው ዓይናቸውን ከፍተው። «ደህና ሰዎች ናቸው። የኛ ግን አይደሉም።»

ከዚያ በኋላ ማን ማንን እንዳቀፈ አይታወቅም። ዓመለወርቅ እልልታዋን ለቀቀችው። አቶ በድሉ ዘለው ሲነሱ ጭንቅላታቸውን ከወራጁ ጋር አጋጩ፤ ቢሆንም እየሳቁ ነው። ወፍራሙ ሰውዬ በደስታ ቦይናውን ለብቻው ጀመረ።

«ቆዩ» አለች ሐመልማል።

በጓዳው በር ላይ ቆማለች። ዛሬ መነጽር የለም።

«እኔ ትንሿን አውሮፕላን አላየኋትም» አለች።

«እንዴት አላየሽም?» አሉ አቶ በድሉ መላጣቸውን እያሹ።

«ጫማዬን እየፈለግሁ ነበር። አውሮፕላኑ ሲዘል፣ ሰው ሲጮህ፣ ሲያርፍ እንዲህ ያደርጋል ብዬ ነው። ተሳፍሬ አላውቅማ! ምንም አልፈራሁም።» ዓይኗን ከቶማ ላይ አላነሳችም። «አንተ አገባሻለሁ ስትለኝ በደህና ልቤ ነው እሺ ያልኩህ። መንገዱን ሙሉ ስስቅ መጥቼ፣ ይሄ ሰውዬ ባይወርድ እያልኩ ነበር። ሚኒባሱ ውስጥ አቶ በድሉ ሲያወሩ ነው ሞት ቀርቦን እንደነበር የሰማሁት። ያኔ ፈራሁ። ሰው ሊሞት ሲል የማይሳለው የለም፤ ሰውየው ጫት እተዋለሁ ብሎ ተስሎ ዛሬ ጉንጩ ተወጥሮ ነው የመጣው።» ወፍራሙ ሰውዬ ቦይናውን ወደ ሌላው ጉንጩ አዞረ። «እኔም የአንተ ስለት ከሆንኩ አልፈልግም። አሁን መሬት ላይ ነን። የሚያስፈራህ የለም። ተናገር።»

ሰው ሁሉ ቶማን አየ። ዓመለወርቅ ሻሿን አፏ ላይ አደረገች፤ ወንድሟ አሁን ምን እንደሚል የምታውቅ መስሏታል።

«አልፋ ነበር» አለ ቶማ።

«ምኗ?»

«ትንሿ አውሮፕላን። እኔ ስናገር አልፋ ነበር። ጭራዋን አይቻለሁ፤ ማሳው ላይ ስትርቅ አይቻታለሁ። ተረፍን አልኩ። ተረፍን ብዬ ዞር ስል አንቺ ጎንበስ ብለሽ ጫማሽን ትፈልጊያለሽ።» ቃሉ ሳይጠሩት እየተከታተለ መጣለት። «ፈርቼ አይደለም። ስፈራ አንድ ቃል አይወጣኝም፤ እህቴን ጠይቂያት። ደስ ብሎኝ ነው። በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ዛሬም እንደዚያው ነኝ።»

ዓመለወርቅ ሻሿን ከአፏ ላይ አነሳች።

«እውነቱን ነው!» ብላ ጮኸች። «ሰው ሁሉ ሲጮህ እሱ ልፍራ ወይስ አልፍራ እያለ እያሰበበት ነው የሚሆነው! በወንድሜ እምላለሁ፣ አስቦ ሳይጨርስ ነው ያለፈችው!»

ቤቱ በሳቅ ፈነዳ። አቶ ወልደመስቀል ሳይቀሩ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። ሐመልማል በሩን ተደግፋ፣ ሆዷን ይዛ፣ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች፤ ያው የአውሮፕላኑ ሳቅ ነው፤ ቶማ በየማታው ስልክ ላይ ሲፈልገው የከረመው። ከዚያ እንባዋን በመዳፏ ጠረገችና ወደ ገበታው መጥታ፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ ከአጠገቡ ተቀመጠች።

«እንግዲያው ብላ» አለችው። «ቦይናው ቀዘቀዘ።»